ኤቲየን ወይስ ስቴፋን? ፈረንሳይ ለሚወለደው እስጢፋኖስ

ፈረንሳይ ያላችሁ፣ ልጃችሁን እስጢፋኖስ ልትሉት አስባችሁ በፈረንሳይኛ ይሁን ካላችሁ ሁለት ምርጫ አለ። ኤቲየንና ስቴፋን። ሁለቱም የመጡት ከግሪኩ «ስቴፋኖስ» ነው፤ አክሊል ማለት ነው።

አመጣጥ፦ ኤቲየን ሕዝቡ በአፉ የለወጠው ነው። በ«ስት» መጀመር ሲከብዳቸው ፊቱ ላይ «ኤ» ጨመሩ፣ ኤስቲየን ሆነ፣ ቆይቶ «ስ»ዋ ራሷ ጠፋች። (እኛም እኮ ፊቱ ላይ «እ» ጨምረናል፣ «ስ»ዋን ግን አልጣልናትም።) ስቴፋን ከጽሑፍ የመጣ ነው፣ ለግሪኩ ይቀርባል።

ታዋቂዎች፦ ኤቲየን ማርሴል የፓሪስ ነጋዴዎች አለቃ ነበር። በፈረንጆቹ 1358 ተገደለ፣ ዛሬ በስሙ የሜትሮ ጣቢያ አለ። በስቴፋን በኩል ቫዮሊኒስቱ ግራፔሊ፣ ገጣሚው ማላርሜም አለ። የሚገርመው ማላርሜ ሲወለድ የወጣለት ስም ኤቲየን ነው!

ስጋቱ፦ ስቴፋንን እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወረቀት ላይ ሲያየው ስቴፋኒ ብሎ ሴት ሊያደርገው ይችላል። በፈረንጆቹ 1970ዎቹም ፋሽን ስለነበር ዛሬ የአባቶች ስም ይመስላል። ኤቲየን እንደዚህ በአንድ ዘመን አይታሰርም፤ ግን አዲስ አበባ ያለችው አያት በስልክ ስትሰማው «ምን አላችሁት?» ማለቷ አይቀርም።

ወጪው? ሁለቱም በነጻ።

ኑሯችሁ እዚያው ፈረንሳይ ከሆነና የቆየ ስም ከወደዳችሁ ኤቲየን። ዘመድ አሜሪካም ጀርመንም ከተበተነ፣ ወይም አያት ስሙን ሰምታ እስጢፋኖስን እንድታገኝበት ከፈለጋችሁ ስቴፋን፤ የስቴፋኒውን ስጋት ከቻላችሁት።