ሐይቅ ለምትወርዱ፦ ይኼን ባለ ጀልባ ፈልጉት

ይኼን ምስጋና ባለፈው ሳምንት መጻፍ ነበረብኝ። ቤቴ በእንግዳ ተሞልቶ ጊዜ አጣሁ። ዛሬ ልጆቹን ወደ አዲስ አበባ ሸኘሁና ቤቱ ጭር ሲልብኝ ስልኬን አነሳሁ።

የእህቴ ልጆች ናቸው። ትልቁ 11፣ ትንሹ 7 ዓመቱ ነው። ደሴ በገቡ ማግስት ትልቁ «አክስቴ፣ ቢች ውሰጂን» አለኝ። የክፍል ጓደኛው ሞምባሳ ሄዶ አሸዋ ላይ ተንጋሎ የተነሳውን ፎቶ አሳይቶት ኖሯል። የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሷል፣ እኔ በሹራብ ላይ ጋቢ ደርቤ ቡና እቆላለሁ፣ ልጁ ቢች ይላል!

ባሕር እንኳ የለንም፣ ሐይቅ ግን አለን አልኩት። በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደሴ ዝቅ ስለሚል ፀሐይዋም ሌላ ናት፤ ጋቢውን መኪና ውስጥ ጥላችሁ ነው የምትወርዱት።

ችግሩ እማዬ ነበረች። አምና እዚያው ሐይቅ ላይ አንድ ጀልባ ተሳፍረን ነበር። የማን እንደሆነ አልናገርም። ከሰዓት በኋላ፣ ንፋስ ተነስቶ፣ 12 ሰው በአንድ ጀልባ ጭኖን ወጣ። ላይፍ ጃኬት የሚባል ነገር የለም። መሀል ላይ ስንደርስ ደግሞ «ሒሳቡ የመሄጃ ብቻ ነው» አለን። ውሃ መሀል ሆኖ ማን ይከራከራል? ከፈልን። እማዬ ያን ቀን «ሁለተኛ እግሬን ጀልባ ላይ ባነሳ!» ብላ ምላለች።

ጎረቤቴ ናት የዚህን ሰው ስልክ የሰጠችኝ። ደወልኩለት። «ከሰዓት እንምጣ?» ስለው «አይ እታለም፣ ከሰዓት ንፋስ አለ፣ እኔ አልወጣም። ጠዋት 2 ሰዓት ድረሱ» አለኝ። ዋጋውንም ያኔውኑ ነገረኝ፤ ስንት ሰው፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ብር። ስንወርድ የከፈልነው ያንኑ ነው፣ አንድ ብር አልጨመረም።

ጃኬቱን እንዴት እንዳለበሳቸው ልንገራችሁ። ለልጅ የሚሆን ትንሽ ጃኬት አለው። ማሰሪያውን ራሱ አሰረ። ሁለት ጣቱን ከሥር አስገብቶ ጥብቀቱን ሞከረ። ከዚያ ትንሹን ልጅ በጃኬቱ ትከሻ ይዞ ከመሬት ብድግ አደረገው፤ ልጁ ተንጠልጥሎ ቀረ እንጂ አልሾለከም። «በቃ፣ ያዘ» አለ። ልጁ ጨዋታ መስሎት «ድገመኝ!» ይላል። እማዬ ይኼን አይታ ነው መሐላዋን ያፈረሰችው።

«እማማ፣ እርስዎ መሀል ይቀመጡ። ጀልባ እንደ በቅሎ ነው፣ ጭነቱ ሲያዘነብል ይከፋዋል። አብሽሩ፣ እኔ አለሁ» አላት። ተቀመጠች።

ትልቁ ልጅ እጁን ውሃ ውስጥ እየነከረ «ጥልቀቱ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀው። «ከ80 ሜትር የሚያልፍበት ቦታ አለ» ሲለው ልጁ በፎቅ አሰላው። ሃያ አምስት ፎቅ ገደማ መጣለት። እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። አንከርካ የሚባለው ወንዝ ወደ ሐይቁ እንደሚገባ፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን እንደሌለ ነገረው። «ታዲያ ውሃው የት ይሄዳል?» «ፀሐይ ትጠጣዋለች።» ልጁ ቤት እስክንደርስ ይኼን ሲደጋግም ነበር።

ሐይቁ እንዴት እንደተፈጠረ የሚነገረውንም ተረከላቸው። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ትበደላለች፤ ፈጣሪ ይቆጣና ከተቀመጠችበት ቦታ በቀር ዙሪያውን ውሃ ያደርገዋል፤ የተቀመጠችበት ደሴት ሆነ። እማዬ «እኔ የሰማሁት እንዲህ አይደለም» ብላ አቋረጠችው። ሁለቱ ተከራከሩ። እኔ ማን እንደረታ አላውቅም፣ ፎቶ እያነሳሁ ነበር።

ያ ደሴት ዛሬ ከየብስ ጋር ተገናኝቷል፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት። ሴት አይገባበትም። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ከበሩ ውጭ ተሳልማ ነው የተመለሰችው። ባለ ጀልባው ባለቤቴንና ልጆቹን ካወረደ በኋላ «እማማ፣ እርስዎን ደግሞ በውሃው በኩል ላዙርዎት» አላት።

ዳር ዳሩን እየቀዘፈ ወሰደን። ዛፎቹ ውሃው ላይ ዘንበል ብለዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ባለበት አቅጣጫ ሲደርስ መቅዘፊያዎቹን ወደ ውስጥ አስገባና ዝም አለ። ጀልባው ራሱ እየተንሳፈፈ ቆመ። ከመቅዘፊያው ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል፣ ሌላ ድምፅ የለም። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ጸለየች። እስክትጨርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሰውየው ሙስሊም ነው። እሱም በተራው አዙሁር፣ የቀትር ሶላት፣ ሲደርስ ዳር አስጠግቶን ሰገደ፣ እማዬ ልጆቹን «ዝም በሉ» እያለች ጠበቀችው። ወሎ ላለ ሰው ይኼ ብርቅ አይደለም፤ ልጆቹ ግን አፍጥጠው ያዩ ነበር።

ለመዋኘት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እሱ በሚላችሁ ቦታ ብቻ ግቡ። ውሃው ጉልበት ድረስ የሆነበትን ጥግ አሳየንና ልጆቹ እዚያ ተንቦጫረቁ። ትንሽ ራቅ ሲሉ «እዚያ ጋ ድንገት ይሰምጣል» ብሎ መለሳቸው። የሞምባሳ ዓይነት ነጭ አሸዋ እንዳትጠብቁ። ሣርና ቄጤማ ነው። ዳር ላይ የበላነው የዓሣ ጥብስ ግን፣ በሎሚና በሚጥሚጣ፣ ቢችን አስረስቷቸዋል።

እንከን የለውም አልልም። ጀልባው ጥላ የለውም፣ ኮፍያ ያዙ። ሥሩ ትንሽ ውሃ ያስገባል፤ ቆርጦ ባዘጋጀው ጀሪካን እየቀዳ ያፈሳል። የላስቲክ ጫማ አድርጉ። ወሬም ይወዳል፣ ዝምታ ፈልጋችሁ የምትሄዱ አስቀድማችሁ ንገሩት።

ቀኑ ከተረፋችሁ ወደ ወልዲያ ቀጥሉና ውጫሌ ድረሱ። በ1881 ዓ.ም. ውሉ የተፈረመበት ይስማ ንጉሥ እዚያው አካባቢ ነው። እኛ ልጆቹ ስለደከሙ ተመለስን።

ደሴ ከገባን በኋላ የትንሹ አንድ እግር ጫማ እንደጎደለ አየን። አዲስ ጫማ ነበር፣ አለቀሰ። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጠራ። «እታለም፣ ጫማዋን ለሚኒባስ ሰጥቻለሁ፣ መናኸሪያ ውረጂና ተቀበዪ።» በፌስታል ጠቅልሎ፣ አድርቆ ነው የላከው። ለሹፌሩ የከፈለውን ልመልስ ብል «ተዪው» አለኝ።

ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። እማዬም ስትመርቅህ ነው የሰነበተችው።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አልጽፍም፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ግን ስልክ አያነሳም፤ ደጋግማችሁ አትጥሩት።