ፈቃዱን በራሱ ስም ላወጣልን ባለሙያ

የቤታችንን ማሞቂያና ኤሲ የቀየረልንን ባለሙያ በአደባባይ ላመሰግነው እፈልጋለሁ። እጁ ይባረክ።

ዋጋ ከጠየቅናቸው ሰዎች አንዱ፣ «ለሥራው ከከተማው የሚወጣውን ፈቃድ እንተወው፣ እኔም ዋጋ እቀንሳለሁ» አለን። ሌላኛው ደግሞ ፈቃዱን እናንተው በስማችሁ አውጡ አለ። ይሄኛው ግን ገና ለልኬት ሲመጣ እቅጩን ነገረን፦ «ፈቃዱን የማወጣው እኔ ነኝ። ነገ ጥያቄ ቢነሳ የሚጠየቀው ስሙ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰው ነው።» ምርጫችን እዚያው አለቀ።

ደንቡ እንደየከተማው ይለያያል። ብዙ ቦታ የአየር ማጣሪያ ወይም ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ለመቀየር ፈቃድ አያስፈልግም። ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ለመቀየር ግን፣ በተመሳሳይ መጠን እንኳን ቢሆን፣ ያስፈልጋል። የጋዝ ቧንቧ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር ከተነካ ደግሞ ለየብቻ ፈቃድ ሊጠየቅ ይችላል። ባለሙያችን በግምት ሳይሆን የአካባቢያችንን ፈቃድ ሰጪ ቢሮ ጠይቆ ነው ያረጋገጠልን። ክፍያውንም ዋጋ ማቅረቢያው ላይ ለብቻው ጻፈው።

የድሮውን ማሽን መጠን አይቶ ብቻ አዲስ አላዘዘም። መስኮቶቹን ለካ፣ ጣሪያው ውስጥ ያለውን የሙቀት መከላከያ አየ፣ ከዚያ ለቤቱ የሚበቃውን መጠን አሰላ። የኤሲ አቅም ለቤቱ ከሚያስፈልገው በላይ ከሆነ ቶሎ ያቀዘቅዝና ይጠፋል፤ እርጥበቱን ግን አያወጣም። ለዚህ ነው አንዳንድ ቢሮዎች ስሌቱ ከማመልከቻው ጋር ካልተያያዘ ፈቃድ የማይሰጡት።

እኔን ከሁሉም በላይ የገረመኝ የጭስ ማውጫው ጉዳይ ነው። አሮጌው ማሞቂያና በጋዝ የሚሠራው የውሃ ማሞቂያ አንድ የጭስ ማውጫ ይጋሩ ነበር። አዲሱ ጭሱን በግድግዳ በኩል በፕላስቲክ ቧንቧ ነው የሚያስወጣው። ስለዚህ የውሃ ማሞቂያው ለሁለት በተሠራ ሰፊ የጡብ ማውጫ ብቻውን ቀረ። ያ ትንሽ እሳት ያን ሁሉ ጡብ ማሞቅ አይችልም፤ ጭሱ ይቀዘቅዝና መውጣት ያቅተዋል። ባለሙያው ይህን አስቀድሞ ማመልከቻው ላይ ጽፎት ነበር።

ለእኛም አሳየን። በርና መስኮት ዘጋ፣ የኩሽናውንና የመታጠቢያ ቤቱን አየር ማውጫ አበራ፣ የውሃ ማሞቂያውን አስነሳ። ትንሽ ጠብቆ ክብሪት ጫረና አጠፋው፤ ጭሱን ከውሃ ማሞቂያው አናት ላይ ካለው ክፍተት አጠገብ ያዘ። ጭሱ ወደ ላይ መሳብ ሲገባው ወደ እኛ ዞረ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ከቃጠሎ የሚወጣ መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በዚያው መንገድ ነው ቤት ውስጥ የሚቀረው። ወዲያው ማሽኑን አጠፋ። በማውጫው ውስጥ ጠበብ ያለ የብረት ቱቦ ካስገባ በኋላ እንደገና ሞከረው። ጭሱ ሽቅብ ሄደ።

ከቢሮው ሥራውን ሊፈትሽ የመጣውንም ተቆጣጣሪ ማመስገን ይገባኛል። ትሁት ሰው ነው፣ ግን ምንም አያልፍም። ብሬከሩ ማሽኑ ላይ ከተጻፈው ልክ ጋር መግጠሙን፣ ከውጪው ማሽን አጠገብ የኤሌክትሪክ ማጥፊያ መኖሩን፣ ከኤሲው የሚወጣው ውሃ የት እንደሚሄድ አንድ በአንድ አየ። መኝታ ክፍሎቹ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንዲጨመር ጠየቀ። ባለሙያችን ሳይከራከር ከመኪናው አምጥቶ እዚያው ገጠመው።

ውላችን ላይ የመጨረሻው ክፍያ የሚከፈለው ፍተሻው ካለፈ በኋላ ነው ይላል። ያንን አንቀጽ ያስገባው እሱ ራሱ ነው! እናንተም ከማንም ጋር ስትዋዋሉ ጠይቁት። ፍተሻው ማለፉን የሚገልጸውን ወረቀትም አስቀምጡት፤ ቤት ሲሸጥ ወይም ኢንሹራንስ ሲጠይቅ ይፈለጋል።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ብርዱ ሳይገባ ብትደውሉለት ይሻላል፣ ፈቃዱ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል።