ሰሜን ተራሮች፦ ጨነቅ ላይ ማብቃት ወይስ እስከ ራስ ደጀን መዝለቅ?

ከሳንቃበር ካምፕ ተነሥቶ በግጭ በኩል ጨነቅ ካምፕ ላይ ለሚያበቃው የእግር ጉዞ ሦስት ቀን ይበቃል፤ እሜት ጎጎ አፋፍ (3,926 ሜትር) ላይ ቆሞ ገደሉን ቁልቁል ለማየት ግን ተጨማሪ ሰዓት መያዝ ይገባል። ጨነቅ መኪና ስለሚደርስ የደከመ ሰው ከዚያው ይመለሳል።

ራስ ደጀን ቢያንስ ሌላ ሦስት ቀን ይጨምራል። በቧሒት ተራራ በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ወደ መሸሃ ወንዝ መውረድን፣ አምቢቆ መንደር አድሮ ጎሕ ሳይቀድ መነሣትን ይጠይቃል፤ ያንኑ ቁልቁለት በመልስ ዳገት ሆኖ ማግኘት ደግሞ፣ በእኔ ግምት፣ ብዙዎች በዕቅዳቸው የሚዘነጉት ነው። የስካውቱም (የታጠቀው የፓርክ አጃቢ) የበቅሎውም ሒሳብ በቀን ስለሚታሰብ ወጪው እጥፍ ገደማ ይሆናል።

ጭላዳና ዋልያ ማየት ለሚሻ፣ ከቆላም በቀጥታ ለመጣ፣ ጨነቅ ይሻላል። ራስ ደጀን ከፍታ ለለመደና ሙሉ ሳምንት ላለው ነው።