ጆርጅ ሚልተን በችሎት ፊት፦ ለእንግሊዝኛ ክፍል የተዘጋጀ የማስተማሪያ ጥራዝ ግምገማ

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የእንግሊዝኛ መምህራን አንድ ልቦለድ ተነቦ ካለቀ በኋላ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱን ተከሳሽ አድርገው በክፍል ውስጥ ችሎት የማስቻል ልማድ አላቸው። ለዚህ የሚሆኑ ጥራዞችም መምህራን ለመምህራን በሚሸጡባቸው የኢንተርኔት ገበያዎች ይገኛሉ። እዚህ የምገመግመው ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ ገዝቼ የተጠቀምኩበትን፣ በ1937 የታተመውን የጆን ስታይንቤክን «ኦፍ ማይስ ኤንድ ሜን» መነሻ አድርጎ ጆርጅ ሚልተንን ጓደኛውን ሌኒ ስሞልን በመግደል የሚከስሰውን ጥራዝ ነው። ጥራዙ የክስ ጽሑፍ፣ የምስክር ካርዶች፣ የጁሪ (ማስረጃ ሰምተው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው የሚወስኑ ተራ ዜጎች) መመሪያና የነጥብ መስጫ ሠንጠረዥ ይዟል። ቢገዛ የሚያስቆጭ አይደለም፤ ነገር ግን የምስክር ካርዶቹና የጁሪ መመሪያው ሳይታረሙ ለተማሪ መሰጠት የለባቸውም።

የጥራዙ ትልቁ ብልኅነት የጉዳዩ ምርጫ ነው። ከጆርጅ ጋር በአንድ እርሻ የተቀጠረው፣ ጉልበቱን የማያውቀው ሌኒ የእርሻው አለቃ ልጅ የሆነውን የከርሊን ሚስት ሳያስበው አንገቷን ሰብሮ ይገድልና ወደ ወንዙ ዳር ሸሽቶ ይደበቃል፤ ጆርጅ ከአሳዳጆቹ ቀድሞ ይደርስበትና አንድ ቀን ይኖረናል ስለሚሉት እርሻ እያወራለት ከኋላው ተኩሶ ይገድለዋል። አንባቢው ይህን ሁሉ በዐይኑ እንዳየ ያህል ያውቃል፤ ፍርድ ቤቱ ግን አላየም፣ በወንዙ ዳር ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረምና። ስለዚህ ተማሪው ልቦለዱን ሲያነብ ከተራኪው በነጻ ያገኘውን እውቀት አሁን በምስክሮች አፍ ብቻ ማስረዳት ይኖርበታል፤ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የት ቆሞ እንደነበረ፣ ምን እንዳየና ምን እንደሰማ ገጽ በገጽ ተመልሶ መፈተሽም ግድ ይሆንበታል። ተማሪዎች የአተራረክ አንጻርን እንዲህ አጥርተው ሲረዱ በሌላ ዘዴ አላየሁም።

ለምሳሌ የእርሻውን አሮጌ ሠራተኛ ካንዲን እንውሰድ። የተከላካይ ጠበቆች ቡድን አብዛኛውን ጊዜ ካንዲን የራሱ ምስክር አድርጎ ይጠራዋል፤ ምክንያቱም ሌላው ሠራተኛ ካርልሰን ያረጀውን ውሻውን ወስዶ ከገደለበት በኋላ፣ ውሻውን እኔው ራሴ መግደል ነበረብኝ ብሎ የተጸጸተው ለጆርጅ ነበር፣ ይህም ለመከላከያው ክርክር መሠረት ይሆናል። ይሁን እንጂ የሴትየዋ አስከሬን ከተገኘ በኋላ ጆርጅ አስቀድሞ ወደ ሠራተኞቹ ማደሪያ እንደሄደ፣ ካንዲም ጥቂት ቆይቶ ለሌሎቹ እንዲናገርና ጆርጅ እንዳላየ ሆኖ እንደሚመጣ የተስማሙት ሁለቱ ብቻቸውን ነው። ከዚያ በኋላ ካርልሰን የሉገር ሽጉጡን ሊያመጣ ሮጦ ከሻንጣው ያጣዋል፤ ሽጉጡ የት እንደሚቀመጥ ደግሞ ጆርጅ ያውቃል፣ ካርልሰን ውሻውን ከገደለ በኋላ በፊቱ ወልውሎ ወደ ሻንጣው ሲመልሰው አይቷልና። በደንብ የተዘጋጀ ዐቃቤ ሕግ ካንዲን በመስቀለኛ ጥያቄ ይዞ፣ ካርልሰንን አስከትሎ፣ ግድያው አስቀድሞ የታሰበበት መሆኑን በአካባቢ ሁኔታ ማስረጃ ማሳየት ይችላል። ተማሪዎቹ ይህን ሰንሰለት ራሳቸው ሲያገኙት ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ጥራዙም ሰንሰለቱን አስቀድሞ ሳይገልጥ ለተማሪው ፍለጋ መተዉ ሊመሰገን ይገባል።

የሚያሳዝነው ይኸው ጥንቃቄ በእርሻው የበቅሎ ነጂ በስሊም ካርድ ላይ አለመኖሩ ነው። ካርዱ ጆርጅና ሌኒ በወንዙ ዳር የተነጋገሩትን ስሊም እንዲመሰክር ያደርገዋል፤ ስሊም ግን የደረሰው ከተኩሱ በኋላ ነው። እርሱ በእውነት ሊናገር የሚችለው ዊድ በተባለ ከተማ ሌኒ የአንዲት ልጃገረድ ቀሚስ ይዞ አልለቅም በማለቱ ስለደረሰባቸው ችግር ጆርጅ ራሱ የነገረውን፣ ሌኒን መቆለፍና ማሰር እንደማይበጅ እርሱ ለጆርጅ የተናገረውን፣ በመጨረሻም የደረሰበትን ሁኔታ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጥራዙ ጆርጅ የግድ እንዲመሰክር ማዘዙ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ ተከሳሽ በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ይላል፤ ስለዚህ ውሳኔው ለተከላካዩ ቡድን ሊተው ይገባል። ጆርጅ ዝም ካለ ጁሪው ያንን የእርሻ ወሬ ከማንም አይሰማም፤ ከተናገረ ደግሞ፣ ሌኒ ሽጉጡን ይዞ እንደነበረና እንደቀማው አድርጎ ለካርልሰን የሰጠውን የሐሰት መልስ በመስቀለኛ ጥያቄ ማስረዳት ይጠበቅበታል። በጥራዙ ውስጥ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጠውን ይህን ምርጫ አዘጋጁ ከተማሪዎቹ እጅ ወስዶታል።

የጁሪው መመሪያም ከዚህ ያላነሰ እርማት ይፈልጋል። የድምፅ መስጫው ወረቀት ጆርጅ ትክክል ሠርቷል ብለው ያምናሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህ ለድርሰት የሚሆን ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለችሎት ግን አይሆንም። የልቦለዱ ታሪክ በሚፈጸምበት በካሊፎርኒያ ሕግ ሆን ተብሎ፣ በማሰላሰልና አስቀድሞ በማሰብ የተፈጸመ ግድያ አንደኛ ደረጃ ግድያ ነው፤ ርኅራኄ ለምን እንደገደለ ያስረዳል እንጂ አስቦ መግደሉን አያስቀርም። ይህ ለጁሪው በግልጽ ሲነገር ሙግቱ ይከብዳል፤ ለሌኒ ያዘኑ ተማሪዎች ሕጉና ኅሊናቸው ሲጋጩባቸው ያን ጊዜ መጽሐፉ በእውነት የሚያስጨንቀውን ነገር ይጨነቁበታል። እኔ ወረቀቱን በአራት አጫጭር ጥያቄዎች ተክቼ፣ ዐቃቤ ሕጉ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት እንዳለበትና የጁሪው ውሳኔ በሙሉ ድምፅ መሆን እንዳለበት ጨመርኩበት።

እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆኑ ተማሪዎች፣ ከኢትዮጵያ ቤተሰቦች የመጡትንም ጨምሮ፣ ጥራዙ ያልተጠበቀ ጥቅም አለው። የመስቀለኛ ጥያቄ አጭርና መልሱም አዎ ወይም አይደለም በመሆኑ ረጅም ንግግር የሚፈሩ ተማሪዎች እንኳ ተዘጋጅተው ይቆማሉ። በአገራችን የቀድሞ ሙግት፣ በ«በላ ልበልሃ»፣ ተሟጋች በአንደበቱ ርቱዕነት ይለካ እንደነበር፣ መንገደኛም ቆሞ ይዳኝ እንደነበር ለእነዚህ ልጆች መንገሩ ክፍሉን ያቀርብላቸዋል፤ ወላጆቻቸውም ማታ ሊያወሩላቸው የሚችሉት ነገር ነው።

የነጥብ መስጫው ሠንጠረዥ ለአለባበስና ለትወና የሚሰጠው ነጥብ ከመጽሐፉ ገጽ ጠቅሶ ለማስረዳት ከሚሰጠው እኩል በመሆኑ ሳይውል ሳያድር መስተካከል አለበት። ለአሥራ ሁለቱ የጁሪ አባላት የማስታወሻ ቅጽ አልተዘጋጀም፤ ያለ እርሱ ግማሹ ክፍል ቁጭ ብሎ ያያል። በስም እንኳ ያልተጠራችው የከርሊ ሚስትም በክሱ ውስጥ የለችም፤ የእርሷን ሞት የሚመለከት አንድ የማስረጃ ገጽ አዘጋጁ በሚቀጥለው እትም ቢጨምር፣ ጥራዙን ለሥራ ባልደረቦቼ ያለ ማስጠንቀቂያ እመክረው ነበር።