የላባ ወይስ የፖሊስተር? ለስሜን ተራሮች የሚሆን ስሊፒንግ ባግ በኪሎና በሊትር ሲነጻጸር

ሁለት ስሊፒንግ ባጎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። ሁለቱም ላይ «ኮምፈርት -5» የሚል ተጽፏል፤ እስከ -5 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመችቶ ያስተኛል ማለት ነው። አንዱ የዝይ ላባ፣ ሌላው ፖሊስተር ነው፤ የላባው ዋጋ ብዙ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። ገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ይከብዳል?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን ማን እንደሚሸከመው መወሰን አለበት። ስሜን ላይ ተሸካሚው ወይ የራስ ትከሻ ነው፣ ወይ ደባርቅ ላይ የሚከራይ አጋሰስ፤ ምርጫውም በዚሁ ይገለባበጣል።

በዚህ የሙቀት ደረጃ የተለመዱት ልኮች እነዚህ ናቸው፦

ላባ (800 ፊል ፓወር፣ ማለትም የላባው የመነፋት አቅም መለኪያ)፦ 1.1 ኪሎ፤ ሲጠቀለል 20 ሳ.ሜ ስፋት በ32 ሳ.ሜ ቁመት፣ 10 ሊትር ገደማ።
ፖሊስተር፦ 1.9 ኪሎ፤ ሲጠቀለል 25 ሳ.ሜ በ36 ሳ.ሜ፣ 18 ሊትር ገደማ።

ሻጩ ሊትሩን ካላወቀ ሜትር ይበቃል። የክቡን ስፋት ግማሽ በራሱ ማባዛት፣ ያንን በ3.14፣ ከዚያ በቁመቱ፤ የመጣውን ለ1,000 ማካፈል። ኪሎውን ደግሞ የሻንጣ ሚዛን ይናገራል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው አንዳንዴ መያዣ ከረጢቱን አይጨምርም።

በራስ ትከሻ

በስሜን ካሉት የድንኳን ሰፈሮች ከሳንካበር በግጭ አድርጎ እስከ ጨነቅ፣ 3 ሌሊት አድሮ ለሚጓዝ ሰው ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ቦርሳ (55 ሊትር) 1.2 ኪሎ፣ የላባ ስሊፒንግ ባግ 1.1፣ ምንጣፍ 0.4፣ ለሁለት የሚካፈል ድንኳን ድርሻ 0.9፣ ልብስ 2፣ ማብሰያ 0.5፣ ባትሪና መድኃኒትን የመሰለ ኮተት 1 ኪሎ። ድምሩ 7.1 ነው። ምግብ በቀን 700 ግራም ተይዞ ለ4 ቀን 2.8፣ ውኃ 2 ሊትር ሲጨመር ወደ 12 ኪሎ ይጠጋል።

አሁን ላባውን አውጥተን ፖሊስተሩን እናስገባ። በሚዛን ልዩነቱ 800 ግራም ብቻ ነው፤ «ለዚች ብዬ እጥፍ አልከፍልም» ያሰኛል። ችግሩ 8ቱ ተጨማሪ ሊትር ነው። 55 ሊትሩ ቦርሳ አልዘጋ ስለሚል ወደ 65 ሊትር መሄድ ግድ ይሆናል፤ ያ ቦርሳ ደግሞ ብዙ ጊዜ 2 ኪሎ ነው። ስለዚህ ሌላ 800 ግራም መጣ። ቦታ የሚፈጅ ዕቃ የራሱን ኪሎ ብቻ ሳይሆን የቦርሳውንም ይዞ ነው የሚመጣው። ትልቅ ቦርሳ ደግሞ ባዶ ቦታው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ሦስተኛ ሹራብ ይገባበታል።

ብዙዎች ይህን በማጥበቂያ ከረጢት ለመፍታት ይሞክራሉ። ቀበቶው ሲሳብ ስሊፒንግ ባጉ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና በዙሪያው ምንም የማይገባበት ክፍተት ይተዋል። ይልቅ ቦርሳውን በወፍራም ፕላስቲክ ከረጢት ገብሮ፣ ስሊፒንግ ባጉን ሳይጠቀልሉ በእጅ እየጠቀጠቁ ታች ማስገባት ጥጋጥጉን ሁሉ ይሞላል። ምግብና ውኃ ከላዩ፣ ጀርባን ተጠግተው፣ በትከሻ አጥንቶች መካከል ይሁኑ። ከባድ ዕቃ ወደ ውጭ ከራቀ ቦርሳው ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ቁልቁለት ላይ ጉልበት የሚከፍለው ለዚህ ነው።

በአጋሰስ

እዚህ 800 ግራም ለማንም ችግር አይደለም፤ ፖሊስተሩ ያዋጣል። በቅሎ ላይ ጭነት በሁለት ጎን ተመዛዝኖ በገመድ ይጠፈራል፤ ገመዱ ስስ የናይሎን ጨርቅ ይፈትጋል፣ የበቅሎውም ላብ ይነካዋል። ላባ ከረጠበ ይጣበቃል፣ ሙቀት መያዙንም ያቆማል። ፖሊስተር ግን ረጥቦም በመጠኑ ያሞቃል፣ ቶሎም ይደርቃል። የትኛውም ቢገዛ በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከላይ የማዳበሪያ ከረጢት አልብሶ መስጠት ነው። ርካሽ ነው፣ ከየትኛውም ውድ ሽፋን የተሻለ ገመድ ይችላል።

አጋሰሱ በራሱ ፍጥነት ስለሚሄድ ከሰው ጋር እኩል ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ከ20 እስከ 25 ሊትር የሆነች የቀን ቦርሳ ትያዝ፤ ሙቅ ጃኬት፣ የዝናብ ልብስ፣ ውኃና ምሳ በእሷ ይሁኑ። በሶ ለዚህ የሚስተካከለው የለም፤ ቦታ አይፈጅም፣ እሳትም አይጠይቅም።

ምንጣፉን አለመርሳት

ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ከሥር የተጨፈለቀ ላባም ሆነ ፖሊስተር አያሞቅም፤ ከመሬት የሚመጣውን ቅዝቃዜ የሚከለክለው ምንጣፉ ነው። ታጣፊው ስፖንጅ ዚ ላይት ሶል 410 ግራም ነው፣ አር-ቫልዩው (ቅዝቃዜ የመከልከል አቅሙ፤ ቁጥሩ ሲበዛ ይሻላል) 2.0፤ የሚነፋው ኒዮኤር ኤክስላይት ኤንኤክስቲ 370 ግራም፣ 4.5። የሚነፋው ከቦርሳ ውስጥ ይገባል፤ ስፖንጁ ውጭ ይታሰርና በአስታ ቁጥቋጦ መካከል ሲያልፉ ይያዛል። በሌላ በኩል ስፖንጅ አይበሳም፤ የሚነፋውን አንዲት የኮሸሽላ እሾህ ትጨርሰዋለች። አር-ቫልዩ ይደመራል፤ በአጋሰስ ለሚሄድ ሁለቱን መደራረብ ይቻላል። በትከሻ ለሚሄድ የሚነፋውን ከመጠገኛው ጋር እንመርጣለን፤ ድንኳኑን ከመትከል በፊት መሬቱን በእጅ ዳብሶ።

ሲገዙ

ምልክቱ ላይ ሦስት ቁጥሮች ሊኖሩ ይችላሉ። መታየት ያለበት «ኮምፈርት» የሚለው ነው፤ «ኤክስትሪም» በሕይወት ለመትረፍ እንጂ ለመተኛት አይደለም። በትልቁ የተጻፈው «-15» ብዙ ጊዜ ይኸው ሆኖ ይገኛል።

ያገለገለ የላባ ስሊፒንግ ባግ ሲሆን ዘርግቶ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ። ካልተነፋ፣ ወይም ወደ ብርሃን ሲይዙት ላባው በየክፍሉ ጥግ ተቋጥሮ ከታየ፣ ታጥቦ በደንብ ያልደረቀ ወይም ለዓመታት ታጭቆ የኖረ ነው። ፖሊስተር በመታጨቅ ከላባ ቀድሞ ስለሚደክም ያገለገለውን ባይገዙ ይሻላል።

ቦርሳው መጨረሻ ይገዛ። ዕቃውን ሁሉ ይዞ ሄዶ፣ ሱቁ ውስጥ አስገብቶ፣ የወገብ ቀበቶው በዳሌ አጥንት ላይ እንዲያርፍ አጥብቆ ሩብ ሰዓት መራመድ። የትከሻውን ማሰሪያ ላላ ሲያደርጉት ክብደቱ ዳሌ ላይ ካልቀረ ቦርሳው ለጀርባዎ ቁመት አልተሠራም፤ ሌላ ቁጥር ይጠይቁ።