እንጦጦ ፓርክ ከልጅ ጋር

እንጦጦ ፓርክ ሲነሳ ሰው የሚያወራው ስለ ዚፕላይኑና ስለ ፎቶው ነው። እኔ የምመክራችሁ ግን ለሌላ ነገር ነው። ልብን ሰብስቦ ከልጅ ጋር ለመዋል አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

በ2013 ነው የተከፈተው። ካፌና መጫወቻ የትም አለ፣ እሱን ተዉትና ወደ ጫካው የእግር መንገድ ግቡ። እዚያ "ተጠንቀቂ! መኪና!" እያላችሁ አትጮሁም። ልጅቷ ስትቆም ትቆማላችሁ፣ ስትሄድ ትሄዳላችሁ፣ በቃ።

የኔዋ አምስት ዓመቷ ነው። "እማዬ፣ ትንሹ ዛፍ ለምንድን ነው ቅጠሉ ክብ የሆነው?" አለችኝ። እውነትም የባሕር ዛፍ ችግኝ ቅጠሉ ክብና ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ነው፤ ሲያድግ ነው ረጅምና ቀጭን የሚሆነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማችንን የከበበ ዛፍ ነው፣ እኔም ጥላው ሥር ነው ያደግኩት፣ ግን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም። ቅጠሉን በጣቷ አሽታ አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። "እማማ ቤት ይሸታል" አለች። ጉንፋን ሲይዛት አያቷ የምታጥናት በሱ ነው።

ለእኔ ይሄ ከጸሎት አይለይም። ለጸሎት ቆሜ ሐሳቤ መርካቶ ሲዞር መልሼ እንደማመጣው፣ እሷ ስታወራም ልቤ ወደ ስልኬ ሲሸሽ እመልሰዋለሁ። ደግሞ ይሄዳል፣ ደግሞ እመልሰዋለሁ። ልጅ ደግሞ አይታለልም፤ "እሺ፣ እሺ" እያላችሁ ሌላ ነገር ስታስቡ ወዲያው ያውቃል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 የነገሡባት እንጦጦ ማርያም ቅርብ ናት። እኛ መጀመሪያ እሷን ተሳልመን ነው ወደ ጫካው የምንገባው፣ ደስ ይላል።

ከቻላችሁ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ። ከፍታው 3,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ይበርዳል፣ ጃኬት ያዙ። ዳገቱ ልጅን ቶሎ ያደክማል፣ አታጣድፏቸው። ቆሎና ውሃ አይረሳ። ስልኩን ድምፁን አጥፍታችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ልጆች ካሏችሁ ደግሞ አንድ በአንድ ውሰዷቸው፤ አንዱ ጉንዳን ሊያይ ቁጢጥ ሲል ሌላው ሮጦ ይርቃል፣ እናንተም ለሁለቱም ሳትሆኑ ትውላላችሁ።