ስለ ሂፕኖዛ ሕክምና፦ ሆዴ፣ ወንዙና ነጯ አህያ

ሆዴን ካመመኝ 3 ዓመት አልፎታል። ይነፋኛል፣ ይቆርጠኛል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ያስነሳኛል። ቁፓት ሆሊም (የጤና መድኅን ክሊኒኩ) ያልመረመሩኝ ነገር የለም፤ ደም፣ አልትራሳውንድ፣ ኮሎኖስኮፒ፣ ሁሉም ንጹህ ነው ተባልኩ። በመጨረሻ ሐኪሟ «መዒ ራጊዝ» ነው አለችኝ፤ ቁጡ አንጀት እንደማለት ነው። መድኃኒቱ ሳይረዳኝ ሲቀር ሂፕኖዛ ሞክሪ አለችኝ፤ ባለሙያው በቃል እየመራሽ ልብሽ አንድ ነገር ላይ እንዲመሰጥ የሚደረግበት ሕክምና ነው። የጠንቋይ ቤት ነገር መስሎኝ ደነገጥኩ። አሁን 7 ጊዜ ሄጃለሁ። ብዙ እህቶቼ እየደወሉ ስለሚጠይቁኝ ያየሁትን እንዳለ ልጻፈው።

መጀመሪያ የሄድኩት ግን ሌላ ቦታ ነበር። አንዲት ሴት ሳሎኗ ውስጥ «ወደ ቀድሞ ሕይወትሽ እመልስሻለሁ» ብላ 600 ሸቀል ተቀበለችኝ። ዓይኔን አስጨፍና «ልጅ ሞቶብሻል፣ ይታይሻል?» እያለች ስትደጋግምብኝ እውነትም የሚታየኝ መሰለኝ። ወጥቼ ፌርማታው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ባሰብኝ። በኋላ ነው የሰማሁት፤ በእስራኤል ሕግ ሂፕኖዛ መሥራት የሚችለው ለዚሁ ፈቃድ ያለው ሐኪም፣ የጥርስ ሐኪም ወይም ሳይኮሎጂስት ብቻ ነው። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984፣ እኛ ቤተ እስራኤሎች ከኢትዮጵያ ወጥተን በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል በመጣንበት ዓመት ነው። እባካችሁ ከዋጋው በፊት ፈቃዱን ጠይቁ፤ ሰውዬው ወሬ ካበዛ ተነሥታችሁ ውጡ።

አሁን የምሄድባት ሳይኮሎጂስት ሬሆቮት ውስጥ ናት፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ሰፊ ወንበርና ግራጫ ብርድ ልብስ። በመጀመሪያው ቀን ስትጠይቀኝ ብቻ ዋለች። ሂፕኖዛ እንቅልፍ አይደለም አለችኝ፤ እውነትም አይደለም። የመኪናውን ጡሩምባ ትሰሚያለሽ፣ ልነሣ ብትዪ ትነሺያለሽ። ጥጥ የምትፈትል ሴት እንዝርቷን እያሾረች የጎረቤት ወሬ ጆሮዋ እየገባ ልቧ እንደማይገባው፣ እንደዚያ ነው።

ሁለተኛው ቀን «10 ደረጃ እየወረድሽ ነው» አለችኝ። አልሆነልኝም። እኔ ደረጃ በሌለበት መንደር ነው ያደግኩት፤ ደረጃ ሲባል የሚመጣብኝ እስራኤል እንደገባን ያረፍንበት የመርካዝ ክሊታው (የአዲስ ገቢዎች መቀበያው) ሕንፃ ነው። ነገርኳት። «እሺ፣ አንቺ የምትወርጂው በየት ነበር?» አለችኝ። ከቤታችን ወደ ወንዝ በሚወስደው መንገድ አልኳት። እሷ በዕብራይስጥ ስትናገር እኔ በልቤ በአማርኛ ቆጠርኩ። ስድስት ላይ ስደርስ የእንዶዱ ሽታ መጣ። አያቴ ድንጋይ ላይ ትወቅጣለች፣ አረፋው በወራጁ ውኃ ተይዞ ቀስ እያለ ይሄዳል። «እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ፣ ሙቀቱ ይግባ፣ አንጀትሽም እንደዚያ ውኃ ሳይጣደፍ ይሂድ» አለችኝ። ለካ ወንዝ በሆድ ሂፕኖዛ የታወቀ ነገር ኖሯል። የማንቸስተሩ ሐኪም ፒተር ዎርዌል ያው በ1984 የሆድ ሂፕኖዛን በ30 ሕሙማን ላይ ሞክሮ ጥሩ ውጤት አግኝቷል፤ የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም መድኃኒት ላልረዳቸው ሰዎች ይጠቁመዋል።

5ኛው ቀን ከኢትዮጵያ ወደ ሱዳን ስለሄድንበት መንገድ ጠየቀችኝ። እኛ ቤት ስለ መንገዱ አይወራም። ታናሽ ወንድሜ ሱዳን፣ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ቀርቷል። በዚያ መንገድና በሱዳን ካምፖች ካለቁት ወደ 4,000 ከሚሆኑት አንዱ ነው፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ኸርጸል ተራራ ላይ እናስባቸዋለን። እናቴ ግን ስሙ ሲነሣ «ሆድ ይፍጀው» ብላ ኩሽና ትገባለች። ሳይኮሎጂስቷ ከመጀመራችን በፊት አስጠነቀቀችኝ፤ ወደ ኋላ ተመልሰሽ የምታዪው ሁሉ የሆነ ነገር ነው ብለሽ እንዳትይዢ አለች። ኤልዛቤት ሎፍተስ የምትባል አሜሪካዊት ሳይኮሎጂስት 24 ሰዎችን በልጅነታችሁ ገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍታችሁ ነበር ብላ ያልሆነ ታሪክ ነገረቻቸው፤ ሩቡ በከፊልም ቢሆን አስታወስን አሉ። ያውም ያለ ሂፕኖዛ።

ያን ቀን ወንድሜን አየሁት። ጨረቃ ነው፣ በነጭ አህያ ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይሄዳል። ልጠራው አፌን ብከፍት ድምፅ የለኝም። ዓይኔን ስገልጥ የብርድ ልብሱ ጫፍ በእንባዬ ርሷል።

ቅዳሜ ማታ ሰንበት ከወጣ በኋላ ለእናቴ ነገርኳት። «የምን አህያ?» አለችኝ። «አህያዋንማ ከመነሣታችን በፊት ሸጠናት የለ። እሱ አባትሽ ጀርባ ላይ ነበር፤ እግሩን እንዳይበርደው በነጠላዬ ጠቅልዬለት።» ከዚያ ዝም አለች። ኩሽና ትገባለች ብዬ ስጠብቅ ስኒዋን አስቀመጠችና ቀጠለች፤ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት አወራችኝ። ስለዚያ ልጅ በአንድ ማታ ያን ያህል ሰምቼ አላውቅም።

አህያዋ ከየት እንደመጣች እንጃ። ሳይኮሎጂስቷ ምንም አልገረማትም። ለዚህ ነው በሂፕኖዛ ያያችሁትን ይዛችሁ ዘመድ እንዳትከሱ አጥብቄ የምለምነው። እኔ እናቴን ባልጠይቃት ኖሮ ያቺን አህያ እስክሞት አምናት ነበር።

ሆዴ ሙሉ በሙሉ ዳነ አልልም። በሳምንት 5 ሌሊት ያስነሣኝ የነበረው ግን አሁን አንድ ቢሆን ነው። በስልክ የምትሰጠኝን የ15 ደቂቃ ቅጂ በየቀኑ መስማት ያስፈልጋል፤ ቸል ባልኩበት ሳምንት ተመልሶብኛል። አንዱ ቀጠሮ 450 ሸቀል ነው፣ ለእንደኛ ዓይነቱ ደሞዝ ከባድ ነው፤ ወረፋውም 4 ወር አስጠብቆኛል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ቋንቋው ነው። በአማርኛ የሚሠራ ባለ ፈቃድ ፈልጌ አላገኘሁም። ያንን መንገድ ልጅ ታቅፈው የሄዱት እናቶቻችን ናቸው፤ ዕብራይስጡ የከበዳቸውም እነሱ።

የቀሩኝ 5 ቀጠሮዎች ናቸው። ቅጂውን ለራሴ በአማርኛ ልቅዳው ብያት ጽሑፉን ሰጥታኛለች፤ «ደረጃ» የሚለውን ሁሉ ሰርዤ የወንዙን መንገድ እያስገባሁበት ነው።